«ብቻችንን እንበቃለን» ላሉት ወንድማችን

በአፍሪካ ስላለው የክርስቲያን ሚዲያ አገልግሎት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ሰው ሁሉ እየተቀባበለው ነው። እኔም ደርሶኝ አነበብኩት። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። አጋርነት የምንለው ነገር ስሙን የቀየረ ጥገኝነት ነው፤ ስለዚህ የአፍሪካ አገልግሎቶች ከውጭ ድርጅትም ከሌላ ቤተ እምነትም ጋር መጣመራቸውን ትተው እያንዳንዱ በራሱ ካሜራ፣ በራሱ ገንዘብና በራሱ ሰው ይሥራ። አምስት ምክንያት አቅርበዋል፦ ታሪክ፣ ገንዘብ፣ የትምህርት ንጽህና፣ የስልክ ዘመን መምጣቱ፣ በመጨረሻም ሐዋርያው ጳውሎስና ኬንያዊው ጆን ጋቱ።

በቅንነት እንደጻፉት ይታያል። ቁጭታቸውም ይገባኛል። በድምዳሜያቸው ግን አልስማማም፤ ምክንያቱም ይህን ምክር ሰምተው በየፊናቸው የሚበታተኑ አገልግሎቶች ቢኖሩ መጀመሪያ የሚጎዳው በቋንቋው ምንም የማይሰማው አድማጭ ነው። ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ከታሪኩ ልጀምር። ሬዲዮ ብሥራተ ወንጌልን ያነሳሉ። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ያ ጣቢያ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት አዲስ አበባ ላይ ተመረቀ፤ መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ ወረሰውና የአብዮቱ ድምፅ አደረገው። «ባዕድ የሠራው ቤት በአንድ ቀን ትእዛዝ ጠፋ፤ አጋርነት መጨረሻው ይህ ነው» ይላሉ።

ጣቢያው መወረሱ እውነት ነው። ግን ደርግ የወረሰው የባዕድ የሆነውን ብቻ አልነበረም። ከዚያ በፊት የገጠር መሬት፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ ተወርሷል፤ የኢትዮጵያውያን የግል ንብረት፣ የቤተ ክርስቲያን ርስትም ጭምር። ብሥራተ ወንጌል አንድም የውጭ አጋር ባይኖረው ኖሮ ያቺን ቀን ያመልጥ ነበር ብሎ መከራከር ከባድ ነው።

ዋናው ነገር ግን እሱ አይደለም። ጸሐፊው ጣቢያው እንዴት ይሠራ እንደነበር አልነገሩንም። አዲስ አበባ የነበረው ማሠራጫው ነው፤ ሁለት ባለ 100 ኪሎ ዋት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች። ፕሮግራሙ ግን ሁሉም እዚህ አይሠራም ነበር። በየአገሩ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት የራሳቸው ስቱዲዮ ነበራቸው። ታንዛኒያ ሞሺ ላይ በስዋሂሊ፣ ካሜሩን ንጋውንዴሬ ላይ በፉላኒ፣ ማዳጋስካር ላይ በማላጋሲ ይቀረጻል፤ ቴፑ አዲስ አበባ ይመጣል፤ ከዚህ ይተላለፋል። ስለዚህ ማሠራጫው ሲወረስ ስቱዲዮዎቹ አልተወረሱም። የንጋውንዴሬው «ሳውቱ ሊንጂላ» በፉላኒ ቋንቋ ፕሮግራም መሥራቱን ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ። የሞሺው ስቱዲዮም ቀጥሎ ዛሬ «ሳውቲ ያ ኢንጂሊ» የሚባል ሬዲዮ ነው። በእኛም አገር «የምሥራች ድምፅ» የተባለው የሚዲያ አገልግሎት በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ሰውም ማሠራጫም ስቱዲዮም በአንድ እጅ፣ በአንድ ግቢ ተሰብስቦ ቢሆን ኖሮ በዚያች ቀን ሁሉም አብሮ ይሄድ ነበር። አገልግሎቱን ያተረፈው ሥራው ተከፋፍሎ መያዙ ነው፤ እሱ ደግሞ አጋርነት ነው።

አድማጩስ? በእነዚያ ዓመታት ብዙ ቤተ ክርስቲያን ታሽጎ፣ አገልጋይ ታስሮ፣ ምእመን ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጎ ይሰማ የነበረው ከየት ነው? ከሲሸልስ፣ ፌባ ሬዲዮ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሠራጭ ከነበረበት ደሴት። ከስዋዚላንድ፣ ትራንስ ወርልድ ሬዲዮ በ1974 እ.ኤ.አ. ከጀመረበት። አንዱ ሲዘጋ ሌሎቹ ቀድመው ቆመው ነበር። ለዚያ ዘመን ምእመን ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ በሕይወት ያሉትን መጠየቅ ይቻላል።

ላይቤሪያንም እንይ። ኤልዋ የተባለው የሞንሮቪያ ጣቢያ በ1954 እ.ኤ.አ. ነው አየር ላይ የወጣው፤ በአህጉሩ ከመጀመሪያዎቹ የክርስቲያን ሬዲዮ ጣቢያዎች አንዱ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ በ1990 ወደመ። እንደገና ተነሣ፤ በ1996 እንደገና ወደመ። ሁለቴ የወደመ ጣቢያ በጦርነት ውስጥ ካለ ሕዝብ መዋጮ ብቻ አይነሣም። ባለቤቱ የሚስዮን ድርጅት ኤስ አይ ኤምና ኤች ሲ ጄ ቢ የተባለው የሬዲዮ አገልግሎት አብረው አነሡት፤ መጀመሪያ በትንሽ ኤፍ ኤም ማሠራጫ፣ ከዚያ እያሳደጉ። በ2014 እ.ኤ.አ. ኢቦላ ላይቤሪያን ሲመታ የሕክምና ማዕከል የተተከለው በዚሁ በኤልዋ ግቢ ነው። ጸሐፊው ታሪክን ምስክር ከጠሩ ይህንንም አብረው ቢጠሩት ጥሩ ነበር።

ሁለተኛው ነጥባቸው «ገንዘብ የሰጠ ያዛል» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ግማሹን እቀበላለሁ። አይቼዋለሁ እኮ። ስክሪፕቱ ውጭ ተጽፎ ይመጣል፤ እዚህ ያለው ሰው ሥራው ትርጉም ብቻ ይሆናል። ታሪኩ የሌላ አገር ቤተሰብ ነው፤ ጥያቄውም እዚህ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነው። አድማጩ ጣቢያ ይቀይራል፤ አይፈረድበትም። የማውቀው አንድ አገልግሎት ደግሞ ለዓመታት የሠራው ፕሮግራም ማስተሩ (ዋናው ቅጂ) በአጋሩ እጅ ስለነበር ውሉ ሲያልቅ የገዛ ድምፁን እንደገና ማስተላለፍ አቃተው። እዚያ የደከሙትን ሰዎች ሳስብ አሁንም ያመኛል።

ግን ይህ ሁሉ የሚነግረን ሳይነበብ ስለተፈረመ ውል ነው። ብዙ አገልግሎቶቻችን ውል እንኳን የላቸውም፤ በእምነት ነው፣ በወንድምነት ነው፣ በቃል ነው። ወንድምነቱ ጥሩ ነው፤ ወንድማማቾችም ግን ይዋዋላሉ። ማስተሩና አርካይቩ (የተጠራቀመው የቀረጻ ክምችት) የማን ነው? ስለ ይዘቱ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ማን ነው? የውጭ ገንዘቡ በየዓመቱ እየቀነሰ የአካባቢው መዋጮ እየጨመረ የሚሄድበት እቅድ አለ ወይ? ማሠራጫው ሲቃጠል መለዋወጫውን ማን ይገዛል? መውጣት የፈለገ ወገን ስንት ወር ቀድሞ ያሳውቃል? እነዚህ በመግባቢያ ሰነዱ ላይ በጥቁርና በነጭ ከተጻፉ የሚያዘው ሰነዱ ነው። ካልተጻፉ ግን አጋሩ የውጭም ይሁን የጎረቤት ቤተ ክርስቲያን መጨረሻው ጠብ ነው።

ደግሞ የአፍሪካ ቤተ ክርስቲያን በአጋሯ ፊት አፏን የያዘች አይደለችም። በ1972 እ.ኤ.አ. ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ጻፈች። የደብዳቤው ሐሳብ ይህ ነበር፦ ለልማት ፕሮጀክት ስንጠይቅ ገንዘብ ታገኙልናላችሁ፣ ለወንጌል ሥራና ለመሪዎች ሥልጠና ስንጠይቅ ግን ያንን ያህል አናገኝም፤ ሰው ሙሉ ሰው ነው፤ ሥጋውን ከነፍሱ አትለዩብን። ይህ ደብዳቤ መልስ አግኝቶ በ1974 ናይሮቢ ላይ በዚሁ ጉዳይ ትልቅ ምክክር ተደረገ። አጋሮቹ አልተጣሉም። ተነጋገሩ። ገንዘብ የሚቀበለው ወገን ገንዘብ ሰጪውን «አካሄድህ ልክ አይደለም» ሲል ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አላውቅም፤ ይህን ለማለት ደግሞ መጀመሪያ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ያስፈልጋል።

የካቶሊኮቹ ሬዲዮ ማሪያም መታየት ያለበት ነው። ከጣሊያን የተነሣ ሥራ ነው፤ ግን በየአገሩ የራሱ ማኅበር አለው። አብዛኛውን ሥራ በጎ ፈቃደኞች ይሠራሉ፤ ወጪውን አድማጩ ያዋጣል፤ የጠነከረው ጣቢያ አዲስ ለሚከፈተው ያዋጣል። ታንዛኒያ ውስጥ፣ ኡጋንዳ ውስጥ፣ ሩዋንዳ ውስጥ በዚህ መንገድ ነው የሚሠራው። አጋርነት ሲባል ሁልጊዜ አንድ ሀብታምና አንድ ለማኝ ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ነጥብ ከሌሎች ቤተ እምነቶች ጋር መሥራት ትምህርታችንን ያቀጥነዋል የሚለው ነው። አጭር መልስ አለኝ። ሁሉንም ነገር አብረን እንሥራ ያለ ሰው የለም። ስለ ጥምቀት፣ ስለ ምሥጢራት፣ ስለ መንፈስ ቅዱስ ስጦታዎች ሁሉም በራሱ ሰዓት በራሱ መድረክ ያስተምር። ግን የሳተላይት ኪራይ ኑፋቄ የለውም። የድምፅ ባለሙያ ሥልጠናም፣ የጀነሬተር ነዳጅም፣ መጽሐፍ ቅዱስን በድምፅ መቅረጽም እንዲሁ። የኢትዮጵያ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ኦርቶዶክሱንም ካቶሊኩንም ወንጌላዊውንም ይዞ ሲሠራ የማንም ትምህርት አልቀጠነም። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለሰሜን አፍሪካ በሳተላይት የሚያሠራጨው የቴሌቪዥን አገልግሎት ሳት 7 በተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት ትብብር የቆመ ነው፤ የግብፅ ኮፕቶችም ወንጌላውያንም ይሠሩበታል፤ ሌላውን ማጥቃት ደግሞ በስክሪኑ ላይ አይፈቀድም። እንዲያውም ማንም የማይቆጣጠረው የአንድ ሰው ቻናል ነው ለስሕተት ቅርብ የሚሆነው። ከጎኑ ተቀምጦ «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ከቃሉ ጋር አይሄድም» የሚለው የለም። ብቻውን የሆነ ሰው ብዙ ርቆ ከሄደ በኋላ ነው የሚነገረው።

አራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ወጣቶች የወደዱት ይህን ነጥብ ስለሆነ። «ስልክና ማይክ ያለው ሰው ዛሬ ማንንም አይፈልግም» ይላሉ። ስልክ ይዘው የሚያገለግሉትን ወጣቶች አከብራቸዋለሁ። የሚደንቅ ሥራ የሚሠሩ አሉ። ግን አፍሪካ ውስጥ ዛሬም ኢንተርኔት የማይጠቀመው ሕዝብ ከሚጠቀመው ይበልጣል። የሚጠቀመውም ቢሆን የዳታ ዋጋ ያስፈራዋል፤ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ከፍቶ የሚጨርሰው ጥቂት ነው። ኢንተርኔት ደግሞ ይዘጋል። በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ለምርጫው ዘጋችው፤ እኛም አገር በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሰማው ኤፍ ኤም ነው፤ በሜሞሪ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ የሚገለበጠው ድምፅ ነው፤ በፀሐይ የሚሠራው ትንሽ ሬዲዮ ነው። ቻናሉስ የማን ነው? ዩቲዩብ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የኮፒራይት ጥፋት ከመዘገበበት ሙሉ ቻናሉን ይዘጋዋል። አንድ ኳየር ሳያስፈቅድ የተጠቀመበት ሙዚቃ የዓመታት ሥራ ሊያጠፋ ይችላል። አርካይቩን ሌላ ቦታም የሚያስቀምጥ፣ የሕግ ጉዳይ የሚያውቅ አጋር ያለው ሰው እንደዚህ አይጠፋም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የቋንቋው ነገር ነው። አፍሪካ ውስጥ ከ2000 በላይ ቋንቋ አለ። በአማርኛ፣ በስዋሂሊ፣ በእንግሊዝኛ የሚሰብክ ቻናል ሞልቷል፤ አንዱ ሌላውን እየቀዳ ነው እስኪባል። በትንንሾቹ ቋንቋዎች ግን ጸጥታ ነው። አንድን ቋንቋ ለመድረስ ቃሉን የሚያውቅ ተርጓሚ፣ ንባቡ የማይደናቀፍ የዚያው አገር ሰው፣ ቀራጭ፣ አርታኢ፣ የሚያከፋፍል፣ የሚከታተል ያስፈልጋል። በ1979 እ.ኤ.አ. የተሠራው የኢየሱስ ፊልም ከ2000 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች የተተረጎመው የቋንቋ ባለሙያዎች፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችና የየአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት አብረው ስለሠሩ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤች ሲ ጄ ቢ፣ ፋር ኢስት ብሮድካስቲንግና ትራንስ ወርልድ ሬዲዮ አንድ ስምምነት ተፈራረሙ፤ ፌባና ኤልዋም በሥራው ገቡበት። እስከ 2000 ድረስ በዋና ዋናዎቹ ቋንቋዎች ሁሉ ወንጌል በሬዲዮ ይሰማ ብለው ቋንቋዎቹን ተከፋፈሉ። ማን ምን እንደያዘ፣ የትኛው ቋንቋ ባዶ እንደቀረ በአንድ ዝርዝር ላይ ታየ። ሁሉም በየቤቱ ቢሠራ ይህ ዝርዝር አይኖርም ነበር፤ ባዶውን ቦታ የሚያየውም አይገኝም።

ስልኩን ብቻ የሚያምን ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር ክትትል ነው። ሰው ፕሮግራሙን ሰምቶ በሌሊት ይጽፋል። «ልቤ ተነካ፣ አሁን ምን ላድርግ?» ይላል። ከአንተ 800 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ቋንቋው ሌላ ነው፤ ቤተሰቡ የሌላ እምነት ተከታይ ስለሆነ ስሙ እንኳን እንዳይታወቅ ይለምንሃል። ቪዲዮ ሰውን አያጠምቅም። ሲታመም አይጠይቀውም፣ ልጁ ሲሞት አብሮት አይቀመጥም። እዚያ ከተማ ውስጥ ያለች፣ ምናልባትም ከአንተ ቤተ እምነት ያልሆነች ቤተ ክርስቲያን ናት ልትቀበለው የምትችለው። ከእሷ ጋር አስቀድሞ ያልተነጋገረ ሚዲያ ያንን ሰው በሩ ላይ ያደርሰውና ጥሎት ይሄዳል። የሰውየውን ስልክ ቁጥር ማን ይይዛል፣ ለማን ይተላለፋል፣ መቼ ይሰረዛል የሚለውም አብሮ መጻፍ ያለበት ነገር ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ጴጥሮስ መረቡ ሲቀደድበት በሌላው ታንኳ ያሉትን ጓደኞቹን ጠቅሶ ጠራቸው፤ ዓሣው የእኔ ነው ብሎ አልቆየም።

አምስተኛው ነጥባቸው ጳውሎስ ነው። ድንኳን እየሰፋ ራሱን ችሎ አገለገለ፣ እኛም እንደሱ እንሁን ይላሉ። ምዕራፉን እስከ መጨረሻው እናንብበው። በሐዋርያት ሥራ 18 ላይ ጳውሎስ ድንኳን የሰፋው ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ነው፤ በእነሱ ቤት፣ በአንድ ሙያ። ሲላስና ጢሞቴዎስ ከመቄዶንያ ሲመጡ ደግሞ ለቃሉ ተጋ ይላል። ለምን እንደሆነ ራሱ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 11 ይነግረናል፤ የጎደለውን ከመቄዶንያ የመጡት ወንድሞች ሞሉለት። ፊልጵስዩሶችም ተሰሎንቄ ሳለ አንዴና ሁለቴ ልከውለታል። ጳውሎስ ከቆሮንቶስ ሰዎች ያልተቀበለበት ምክንያት ነበረው፤ ከፊልጵስዩስ ሰዎች የተቀበለበትም ምክንያት ነበረው። ከማን ምን እንደሚቀበል ይመርጥ ነበር። እኛም ማድረግ ያለብን እሱን ነው።

ጆን ጋቱንም በግማሹ ነው የጠቀሷቸው። የምሥራቅ አፍሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት ጋቱ በ1971 እ.ኤ.አ. የውጭ ሚስዮናውያንና ገንዘብ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ይቁም ብለዋል፤ ልክ ነው። የአፍሪካ ቤተ ክርስቲያን ራሷን እንድታገኝ ነበር ፍላጎታቸው። ግን ያንን ጥሪ በ1974 ሉሳካ ላይ ያስተጋባው ማን ነው? የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ! ከአህጉሩ ሁሉ የተሰበሰቡ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ላይ ሆነው ነው የተናገሩት። «አፍሪካ ራሷን ትቻል» ያሉት ሰዎች እርስ በርስ ተጣምረው ነበር እኮ።

በእኔ አስተያየት የጽሑፉ ትልቁ ክፍተት እዚህ ላይ ነው። አጋር ሲባል ጸሐፊው የሚታያቸው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ፈንድ ብቻ ነው። አፍሪካዊ ከአፍሪካዊ ጋር የሚሠራው ሥራ በጽሑፋቸው ውስጥ ቦታ አላገኘም። ቋንቋዎቻችን ድንበር አይጠብቁም። ፉላኒ ከሴኔጋል እስከ ካሜሩንና ከዚያም ወዲህ ይነገራል። ስዋሂሊ ዳሬሰላም ተቀርጾ ምሥራቅ ኮንጎ ውስጥ ይሰማል። ኦሮምኛ ኬንያ ውስጥም አለ። ናይሮቢ ላይ ዴይስታር ዩኒቨርሲቲ ኮሙኒኬሽን ያስተምራል፤ ከሌላ አገር መጥቶ ተምሮ የሚመለስ ሰው ከትምህርቱ ጋር እዚያ የመሠረተውን ወዳጅነትም ይዞ ነው የሚመለሰው። ለዚህ ሁሉ አሜሪካ መደወል አያስፈልግም።

ስብሰባ ይበዛል፣ ኮሚቴ ሥራ ያጓትታል ያሉት ላይ አልከራከርም። ያጓትታል። ስብሰባውን ማሳጠር ይቻላል።

ጸሐፊው ለቀጣዩ ጽሑፋቸው አንድ ነገር ቢያስቡልኝ ደስ ይለኛል። አፋርኛ በሦስት አገር ይነገራል፤ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በጅቡቲ። ለአፋር ሕፃናት በቋንቋቸው በየሳምንቱ የሚሰማ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ፕሮግራም እናዘጋጅ ብንል ድምፁን የሚሰጠውን ሰው፣ ተርጓሚውን፣ ማሠራጫውን፣ ከዚያም ጥያቄ ይዞ የሚመጣውን ቤተሰብ የሚቀበለውን ማኅበረ ምእመናን አንድ አገልግሎት ብቻውን ከየት ያመጣል? ሊሆን የሚችልበት መንገድ ካላቸው በዝርዝር ይጻፉልን፤ አነበዋለሁ። ከሌላቸው ግን ሰዎቹን አንድ ላይ መጥራት እንጀምር፤ እሳቸውም ይምጡ።